ዘፋኝ ማጀብ ለጀማሪ፦ በድሬ ሰርግ ላይ በኪቦርድ እንዴት ይሠራል?

ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ ድሬ ውስጥ ሞልቷል። ከዚራም ሂዱ፣ ሳቢያንም ሂዱ፣ መጋላም ሂዱ፣ አንድ ጎበዝ አታጡም። ጣታቸው ይሮጣል። አዲስ የወጣ ዘፈን በሁለት ቀን ያወጡታል። ዘፋኝ አጠገባቸው ሲቆም ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። ዘፋኟ እነሱ በተለማመዱበት ኪይ (ዘፈኑ በሚነሣበት የድምፅ ከፍታ) አትዘፍንም። ሁለተኛውን ቤት ዘልላ ሦስተኛው ላይ ትገባለች። የሙሽራው አጎት ብር ይዞ ይመጣና አራት ደቂቃ የነበረው ዘፈን አሥራ አምስት ደቂቃ ይሆናል። እዚህ ላይ ጣት ብቻውን አያዛልቅም።

ማጀብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጥሩ አጃቢ ካለ መካከለኛ ዘፋኝ እንኳ አምሮበት ከመድረክ ይወርዳል። ሰርገኛው ምክንያቱን ላያውቅ ይችላል። ዘፋኙ ግን ያውቃል፤ ለሚቀጥለው ሰርግም የሚደውለው ለዚያው ልጅ ነው። የሙያው ቁልፍ ደግሞ ጆሮ ነው። ከእጃችሁ በፊት የዘፋኙን ትንፋሽ መስማት ከቻላችሁ ሌላው በልምምድ ይመጣል።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ብቻውን በኪቦርድ ለሚያጅብ ጀማሪ ነው። ክራር ወይም ጊታር ለያዘም አብዛኛው ይሠራል።

1. ኪዩን ከዘፋኙ ጉሮሮ አውጡ

ከሰርጉ በፊት ከዘፋኙ ጋር አንድ ጊዜ መገናኘት ግድ ነው። ስልክ ላይ «የእገሌን ዘፈን እዘፍናለሁ» ብሎ መስማማት አይበቃም። የዘፈኑ ኦሪጅናል ኪይ ለዘፈነው ሰው የተመረጠ ነው። ወንድ የዘፈነውን ሴት ስትዘፍነው ብዙ ጊዜ ከዶ እስከ ፋ ወይም እስከ ሶል ያህል መሸሽ ያስፈልጋል። ሁለት ወንዶች እንኳ አንድ ኪይ ላይ አይገናኙም።

ስትገናኙ ኪቦርዱን አትክፈቱ። ዘፋኙን መጀመሪያ ባዶ ድምፁን ስሙት። የዘፈኑ ከፍተኛ ቦታ ብዙ ጊዜ አዝማቹ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከአዝማቹ ጀምሩ። በዕድሜ የምትበልጣችሁ ዘፋኝ ከሆነች «እትዬ፣ አዝማቹን ብቻ ይበሉልኝ፤ ሰርግ ላይ በሚዘፍኑበት ጉልበት» በሏት። «በሰርግ ጉልበት» የሚለውን አትርሱ። ሰው ቁጭ ብሎ፣ ሻይ ይዞ ሲያንጎራጉር ከእውነተኛው ኪዩ ዝቅ ብሎ ነው የሚዘፍነው። ቆማ፣ እጇን እያንቀሳቀሰች ብትዘፍን ይመረጣል።

ከዚያ በአንድ ጣት ቀስ ብላችሁ ያለችበትን ድምፅ ፈልጉ። ስታገኙት ከፍተኛዋን ኖታ ያዙና ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንገቷ ተወጥሯል? አገጯስ ወደ ላይ ተነሥቷል? ሁለቱም ካሉ ግማሽ ድምፅ ወይም አንድ ድምፅ አውርዱ። ቀጥሎ የዘፈኑን ዝቅተኛ ቦታ አስዘፍኗት። እዚያ ቃሉ ከጠፋ ብዙ አውርዳችኋል ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ቃልም የማይጠፋበት፣ አንገትም የማይወጠርበት ኪይ አለ። እሱን ጻፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀን 8 ሰዓት ላይ የተመቸ ኪይ ማታ 4 ሰዓት ላይ ላይመች ይችላል። ሦስት ሰዓት የዘፈነ፣ የድሬን ሙቀትና አቧራ የዋጠ ጉሮሮ ይደክማል። ስለዚህ ለከባድ ዘፈኖች ሁለት ኪይ ጻፉ፤ አንዱ ለምሽቱ መጀመሪያ፣ ሌላው ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ለመጨረሻ።

ትራንስፖዝ የሚለው በተን እዚህ ጋ ያድናችኋል። አንዴ ስትጫኑት መላውን ኪቦርድ በግማሽ ድምፅ ያወጣዋል ወይም ያወርደዋል። በዚያው ልክ ያዋርዳችኋልም። ለአንዱ ዘፈን ሁለት አውርዳችሁ ሳትመልሱት ወደ ቀጣዩ ከገባችሁ ዘፋኙ በተሳሳተ ኪይ ነው የሚጀምረው። ከእያንዳንዱ ዘፈን በፊት ዓይናችሁ ስክሪኑ ላይ ይረፍ። ውሎ አድሮ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ኪይ ያለ ትራንስፖዝ መጫወት ልመዱ። ዘፋኙ በዘፈን መሀል ኪይ ሲቀይር በተን ለመጫን ጊዜ የለም።

2. ቅኝቱን ከማረፊያው ለዩ

አራቱን ቅኝቶች ስማቸውን የማያውቅ የለም፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። እያጀቡ መለየት ግን ሌላ ሥራ ነው። ሁሉንም ከዶ ብናስነሳቸው እንዲህ ይሆናሉ («ፍላት» ማለት ኖታዋ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስትል ነው)።

ትዝታ ሜጀር፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ
ትዝታ ማይነር፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት
ባቲ ሜጀር፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ
ባቲ ማይነር፦ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት
አምባሰል፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት
አንቺሆዬ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ

አሁን ይህን በኪቦርዱ ላይ ሞክሩት። ትዝታ ሜጀርን ከዶ ተጫወቱ። ከዚያ እነዚያኑ አምስት ቁልፎች ሳትለቁ ላ ላይ ጀምራችሁ ላ ላይ እረፉ። ባቲ ማይነር ሆነ። አምባሰልንም ከዶ ተጫወቱና እነዚያኑ ቁልፎች ፋ ላይ አሳርፏቸው። ትዝታ ማይነር ሆነ። ቁልፎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ቤቱ፣ ማለትም ዜማው የሚያርፍባት ኖታ ነው። ስለዚህ አንድ ዘፋኝ ሳታውቁት አዲስ ዘፈን ቢጀምር ኖታዎቹን ለመልቀም አትሯሯጡ። ስንኙ የት እንደሚያርፍ ጠብቁ። የመጀመሪያው ስንኝ መጨረሻ ላይ ድምፁን ዘርግቶ የሚያሳርፍባት ኖታ ቤቱ ናት። እሷን በግራ እጃችሁ ከታች ስትይዙ ቅኝቱ ራሱ ይገለጥላችኋል።

ኮርድ (አብረው የሚጫኑ ኖታዎች) ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው ሦስት ጣት ካልተጫነ ኮርድ የሆነ ስለማይመስለው ነው። አምባሰል ላይ ዶ ሜጀር ብትጫኑ ሚ ትገባለች። ሚ ደግሞ አምባሰል ውስጥ የለችም። ዘፋኙ ወዲያው ይምታታበታል፤ ለምን እንደሆነ ላይነግራችሁ ይችላል፣ ፊቱ ግን ይነግራችኋል። ዶና ሶልን ብቻ ያዙ፤ ሦስተኛዋን ተዉአት። ኮርድ ካማራችሁ ፋ ማይነርና ሬ ፍላት ሜጀር ሙሉ በሙሉ ከቅኝቱ ኖታዎች የተሠሩ ናቸው። ትዝታ ሜጀር ላይ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር ሰላም ናቸው። ትዝታ ማይነር ላይ ዶ ማይነርና ላ ፍላት ሜጀር።

አንቺሆዬ ለብቻው ይታይ። እሱ ውስጥ ሶል የለም፤ ያለው ሶል ፍላት ነው። ስለዚህ በሌሎቹ ላይ የለመዳችሁት ዶና ሶል እዚህ ባዕድ ነው። ዶን በላይና በታች በኦክታቭ ብቻ ያዙ። ፋ፣ ላ፣ ዶ ግን ቅኝቱ ውስጥ ስላሉ ፋ ሜጀርን ስንኙ መሀል ላይ በቀስታ ማስገባት ይቻላል። አንቺሆዬን በባዶ ግራ እጅ ያጀበ ሰው ሲያሳፍር አይቼ አላውቅም። በኮርድ የሞላው ሰው ግን ዘፈኑን ያበላሸዋል።

ማሲንቆ ተጫዋች አብሯችሁ ካለ ሥራችሁ የበለጠ ይቀንሳል። ማሲንቆ ድምፁን እያንሸራተተ፣ በኖታና በኖታ መካከል እየገባ ነው የሚሄደው። ኪቦርድ ቁርጥ ነው፤ መሀል የለውም። ሁለታችሁ አንድ ዜማ አብራችሁ ከተጫወታችሁ መጋጨታችሁ አይቀርም። ዜማውን ለእሱ ተዉለት። እናንተ ከታች ቤቷን ያዙ፣ ሪትሙን ያዙ። ኪቦርዱ ላይ ያለውን የማሲንቆ ድምፅም በዚያ ምሽት አትክፈቱት፤ ባለሙያው አጠገባችሁ ቆሞ ነውር ነው።

3. ደብተር ያዙ

ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ መስመር ይበቃል። ስሙ፣ የዘፋኙ ኪይ፣ ትራንስፖዙ፣ ቅኝቱ፣ የሪትሙ ቁጥርና ፍጥነቱ፣ መግቢያው ስንት ዙር እንደሆነ። ስልክ ላይ አትጻፉት። መድረክ ላይ ስልክ ይጠፋል፣ ይደወልበታል፣ ቻርጅ ይጨርሳል። ጽሑፉ ደግሞ በደብዛዛ መብራት የሚነበብ፣ ደመቅና ተለቅ ያለ ይሁን።

4. ቦታችሁን ቀድማችሁ ያዙ

ሰርጉ ማታ ቢሆንም ዕቃ የሚተከለው ከሰዓት ነው። ድሬ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ፀሐይ ምን እንደምትመስል ለድሬ ልጅ አይነገርም። በተለይ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሰርጎች። ጥቁር ኪቦርድ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ቁልፉ ጣት ያቃጥላል፣ ውስጡም አይወደውም። የድንኳኑ ጥላ ወዴት እንደሚሄድ አይታችሁ ትከሉ፤ እስኪጀመር ድረስም ነጭ ጨርቅ አልብሱት።

የምትቆሙበት ቦታ ከድምፁ ጥራት እኩል አስፈላጊ ነው። ብዙ ሰርግ ላይ ኪቦርዱን ከዘፋኙ ጀርባ፣ ከስፒከሩ አጠገብ ይጥሉታል። እሺ አትበሉ። ከጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሆናችሁ የዘፋኙን አፍና ትከሻ በምታዩበት ቦታ ቁሙ። እሱም አንገቱን በትንሹ ዘወር አድርጎ ሊያያችሁ ይገባል። ዓይን ለዓይን መተያየት ካልቻላችሁ ምሽቱን በሙሉ በግምት ነው የምትሠሩት።

ሳውንድ ከሚሠራው ልጅ ጋር ተስማሙ። ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ የዘፋኙ ድምፅ በእናንተ ሞኒተር (ወደ እናንተ በዞረው ስፒከር) ይሰማ። ከራሳችሁ ኪቦርድ በልጦ ይሰማ። ሁለተኛ፣ አንድ ገመድ ብቻ ካለ ግራ ወይም ሞኖ የሚለው ጃክ ላይ ይሰካ፤ አለዚያ የድምፁ ግማሽ ይቀራል። መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተር ሲነሣ ኪቦርዱ ጠፍቶ ይበራል። ያዘጋጃችሁት ሁሉ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ስለዚህ የምትፈልጓቸውን ድምፆችና ሪትሞች ሜሞሪ ላይ አስቀምጡ፤ በባትሪ የሚሠራ ከሆነም ባትሪ አስገቡበት። መብራት ጠፍቶ ማይኩ ሲዘጋ በባትሪ ያለ ኪቦርድና ጭብጨባ ሰርጉን ያቆየዋል።

5. መግቢያው ለዘፋኙ በር ይክፈት

መግቢያ የእናንተ ሶሎ አይደለም። ሥራው ሦስት ነገር ለዘፋኙ መስጠት ነው፤ ኪዩን፣ ፍጥነቱን፣ የሚጀምርባትን ኖታ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዘፈኑ ሶል ላይ የሚጀምር ከሆነ የመግቢያችሁ የመጨረሻ ኖታ ሶል ይሁን፤ ወይም ወደ ሶል እየወረደ የሚመራ ሐረግ ይሁን። ዘፋኙ ያንን ሰምቶ አፉን ከፈተ ማለት ነው።

መግቢያውን ሁሌም በአንድ ዓይነት መጨረሻ ጨርሱት። ልምምድ ላይ አንድ ዓይነት፣ መድረክ ላይ ሌላ ዓይነት አይሆንም። መሀሉን እንደ ፈለጋችሁ አሳምሩት፣ የመጨረሻዋን ሐረግ ግን አትንኳት። ከዚያች ሐረግ በፊት ቀና ብላችሁ እዩት፣ በጭንቅላት ምልክት ስጡት።

ካልገባስ? ሰላምታ እየሰጠ ይሆናል፣ ሙሽራዋን እያወደሰ ይሆናል፣ ማይኩን እየተቀበለ ይሆናል። አትቁሙ። ዙሩን ከመጀመሪያው አትጀምሩ። የመጨረሻዋን ሐረግ ብቻ እየደገማችሁ በሩን ክፍት አድርጋችሁ ጠብቁት። እሱ ሲገባ ሰው ሁሉ እንዲያ የታሰበ ይመስለዋል።

6. ቃል ሲኖር ዝም፣ ትንፋሽ ሲኖር ተናገሩ

ጽሑፉን ሁሉ ዘልላችሁ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ።

ዘፋኙ ስንኝ ሲናገር እጃችሁ ይቀንስ። ግራ እጅ ቤቷን ይያዝ፣ ሪትሙ ይሂድ፣ ቀኝ እጅ ከቁልፉ ላይ ይነሣ። የአማርኛ ዘፈን ሰሚው ቃል ይፈልጋል። ግጥሙ ላይ «እሰይ!» የሚል አባት፣ እልል የምትል እናት አሉ። ስንኙ ላይ ከተጫወታችሁባቸው ያንን ሰረቃችሁባቸው። ስንኙ አልቆ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ደግሞ ያቺ ክፍተት የእናንተ ናት። ሁለት ሦስት ኖታ የሆነች አጭር መልስ። ስንኙ ወደ ላይ ካለቀ መልሱ ወደ ታች ይውረድ፤ ወደ ታች ካለቀ ትንሽ ከፍ በሉና ለቀጣዩ አድርሱት።

ትንፋሹን እንዴት ታውቃላችሁ? ማየት ነው። ትከሻ ይነሣል። ማይኩ ከአፍ ሁለት ጣት ያህል ይርቃል። አንዳንዷ ዘፋኝ ከመግባቷ በፊት ዓይኗን ትጨፍናለች፣ አንዳንዱ በግራ እግሩ ወለሉን ይመታል። እያንዳንዱ ዘፋኝ የራሱ አለው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች ጣታችሁን ማየት ትታችሁ እሱን ካያችሁ የእሱን ምልክት ትለዩታላችሁ።

የድምፅ ምርጫም አለ። የሴት ድምፅ የሚያርፈው ከኪቦርዱ መሀል አካባቢ ነው። ቀኝ እጃችሁ እዚያው ሠፈር ከሠራ ተሸፋፈናችሁ ማለት ነው። ወይ ከእሷ በታች ሁኑ፣ ወይ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብላችሁ በቀጭን ድምፅ መልሱ። ሹል፣ ጮክ የሚሉ የብራስ (የትራምፔት ዓይነት) ድምፆችን ለአዝማች ብቻ አስቀምጡ።

ስለ አውቶማቲክ ሪትም ደግሞ። ኪቦርዱ ውስጥ ያለው ስታይል ዘፋኝ አይጠብቅም። ትዝታ ሲጀመር ዘፋኙ በነፃ፣ እያዘገመ፣ እያንጎራጎረ ከገባ ሪትሙን አትክፈቱት። በረጅም ድምፅ ብቻ ከሥሩ ሁኑለት። ወደ ምቱ መግባት ሲፈልግ ሰውነቱ ይነግራችኋል። ቺክቺካ ሲመጣ ምቱ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ በሁለትም በሦስትም ይቆጠራል። ጨፋሪው በትከሻው የሚከተለው ያንን ነው። ፍጥነቱን ከዘፋኙ በላይ አታድርጉት። ትከሻው መንቀጥቀጥ ትቶ መሮጥ ከጀመረ ፈጥናችኋል።

ለጆሮ ልምምድ የድሮ ቅጂዎችን ስሙ። ሮሃ ባንድ በካሴት ዘመን ብዙ ድምፃውያንን አጅቧል። የዋሊያስ ባንዱን ኃይሉ መርጊያን፣ የዳህላክ ባንዱን ዳዊት ይፍሩን ስሙ። አንድ ዘፈን ምረጡና ዘፋኙን ትታችሁ ኪቦርዱን ብቻ ተከተሉ። ሁለተኛ ጊዜ ስትሰሙ ኪቦርዱ ዝም ያለባቸውን ቦታዎች ብቻ ምልክት አድርጉ። ዝምታው ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ስታዩ ትደነግጣላችሁ።

7. ያልታሰበ ነገር ሲመጣ

ሽልማት። አንድ ዘመድ ብር ይዞ ይመጣል። ግንባር ላይ ይለጥፋል፣ ያቅፋል፣ ፎቶ ይነሣል። ከኋላው ሦስት ሰው ተሰልፏል። ዘፋኙ በዚህ መሀል መዝፈን አይችልም። እናንተ አዝማቹን ይዛችሁ ዙሩ። ድምፅ በጥቂቱ ቀንሱ፣ ዜማውን በቀኝ እጅ ግልጽ አድርጋችሁ አምጡት፣ ተቀባዮችና ታዳሚው እንዲዘፍኑት። ዓይናችሁ ከዘፋኙ አይነሣ። ማይኩን ወደ አፉ ሲመልስ ዙሩን ጨርሳችሁ ስንኙ በር ላይ አድርሱት። የዙሩን መሀል ቆርጣችሁ አትዝለሉ፤ እሱም ዙሩ እስኪያልቅ ይጠብቃችኋል።

ተቀበል። አዝማሪ ባለበት ሰርግ ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል። ግጥሙ ሲነገር ሰው ሁሉ መስማት አለበት። ሪትሙን ወደ ታች አውርዱት፣ አንድ ኖታ ብቻ ከሥር ያዙ። አዝማሪው ሲቀበል ተመለሱ። ፈጣን ሥራ ነው፤ ስለዚህ እጃችሁ ሁልጊዜ የድምፅ ማውረጃው አጠገብ ይሁን።

ዘፋኙ ግጥም ከጠፋበት ዜማውን በቀኝ እጅ ከፍ አድርጋችሁ ተጫወቱለት። ብዙ ጊዜ ዜማውን ሲሰማ ቃሉ ይመጣለታል። ካልመጣም ሰው የሙዚቃ እረፍት ነው ብሎ ያልፈዋል። ቤት ከዘለለ ዝለሉ። ሁለት ጊዜ የሚባለውን ሦስት ጊዜ ካለው ሦስት ጊዜ በሉ። መድረክ ላይ እያላችሁ ዘፋኙ ተሳስቷል የሚል ነገር የለም። ፊታችሁም ላይ አይታይ።

ሳታስቡት ያለ መግቢያ ከጀመረስ? በጣም የሚያጋጥም ነው። ስሜቱ ሲመጣ ማይኩን ይይዝና ይጀምራል። ቮልዩም ዝቅ አድርጋችሁ ኖታውን በአንድ ጣት ፈልጉ። የመጀመሪያው ስንኝ እስኪያልቅ አትግቡ። ማረፊያው ላይ ቤቷን ስታገኙ ከታች፣ በቀስታ ግቡ። ከሁለት ቁልፎች መሀል ከዘፈነ ደግሞ ወደሚቀርበው ይዛችሁ ጠብቁ፤ ድምፃችሁን ሲሰማ ራሱ ወደ እናንተ ይመጣል።

8. የድሬ ሰርግ ብዙ ቋንቋ ነው

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ ጀምሮ ይህች ከተማ የብዙ ሰው ናት። አንድ ሰርግ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪ ሊዘፈን ይችላል። የሙሽራዋ ወገን አንድ፣ የሙሽራው ወገን ሌላ። አጃቢ «ይሄን አላውቅም» ማለት የሚችልበት ከተማ አይደለም።

ቋንቋውን ባትችሉም አዝማቹን በቃላችሁ ያዙ። ዘፋኙን «ስንኙ የት ነው የሚያልቀው?» ብላችሁ ጠይቁት። ቃሉ ካልገባችሁ መጨረሻውን ማወቅ አለባችሁ፤ መልሳችሁ እዚያ ነው የሚገባው። የሶማሊኛ ዘፈንም በአብዛኛው ባለ አምስት ድምፅ ስለሆነ ለእጃችሁ እንግዳ አይሆንም። የሚለየው ምቱ ነው። ዳንቶን፣ የሶማሊዎችን ጭፈራ፣ በቺክቺካ ምት አጅባችሁ ጨፋሪውን ማስቆም አይገባም። ምቱን ከሚያውቅ ልጅ ጋር ቁጭ በሉና በጭብጨባ ተማሩት፤ ከኪቦርዱ ስታይል አትፈልጉት።

ለኦሮምኛ ዘፈን ዓሊ ቢራን ስሙ። የድሬ ልጅ ነው፤ በ1950ዎቹ እዚሁ ከአፍረን ቀሎ ቡድን ጋር ጀመረ፣ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አረፈ። ኡድ ይዞ ሲዘፍን ራሱን ነው የሚያጅበው። ኡዱ ስንኙ እስኪያልቅ ከሥር ይቆያል፤ ስንኙ ሲያልቅ ይመልሳል። ከላይ የተናገርኩትን ቃልና ትንፋሽ ከእሱ በላይ የሚያሳያችሁ የለም።

ሐረር ላይ ዚክሪ (የሐረሪዎች መንፈሳዊ ዜማ) ከተጀመረ እጃችሁን አጣጥፉ። እሱ የከበሮና የድምፅ ነው፤ የራሱ ባለሙያዎች አሉት። ድሬም ሐረርም ሠፈር ውስጥ ከተጫወታችሁ አዛን ሲሰማ ዝቅ አድርጉ ወይም አቁሙ። ዘፋኙ ስንኝ ላይ ከሆነ በምልክት ንገሩት። አብሮ የሚኖር ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ ግን ሞኒተር ጆሮ ላይ ሲጮህ አዛኑን ላትሰሙ ስለምትችሉ አንድ ልጅ ውጭ ሆኖ እንዲጠቁማችሁ አድርጉ።

ወደ ሐረር ከወጣችሁ ደግሞ ደንገጎን ስትወጡ አየሩ ይለወጣል። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ማታ ይበርዳል። ኪቦርዱ ግድ የለውም፣ ክራርና ጊታር ግን ግድ አላቸው። ክር ሲሞቅ ይረግባል፣ ድምፁ ይወርዳል፤ ሲበርድ ይወጠራል፣ ድምፁ ይወጣል። ድሬ የተቃኘ ክራር ሐረር ላይ እንደዚያው አይገኝም። የማሲንቆ ቆዳም እርጥበት ሲነካው ይላላል። ከመኪና እንደወረዳችሁ አትቃኙ። ዕቃው ከአየሩ ጋር እስኪላመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉትና የኪቦርዱን ላ ስጧቸው። ሁሉም በኪቦርዱ ይቃኝ፤ ኪቦርዱ በማንም አይቃኝም።

9. ሂሳብ ቀድሞ ይነገር

ዋጋውን፣ ሰዓቱን፣ ከሰዓቱ በላይ ከሄደ የሚጨመረውን፣ የዕቃ ማጓጓዣ የማን እንደሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቀብድ ተቀበሉ። ሽልማቱ የዘፋኙ ብቻ ነው ወይስ ይካፈላል? ይህንንም ከዘፋኙ ጋር ከሰርጉ በፊት ጨርሱ፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ብሩ ከተቆጠረ በኋላ አይሆንም። ብዙ ጥሩ ዘፋኝና አጃቢ የተለያዩት በዚህ ነው።

10. በማግሥቱ ራሳችሁን ስሙ

ሰርጉን ሙሉ በስልክ ቅዱ። ስልኩን ከስፒከሩ አርቃችሁ፣ ሰው የሚቀመጥበት አካባቢ አስቀምጡት። በማግሥቱ፣ እንቅልፍ ጠግባችሁ፣ አንድ ዘፈን ምረጡ። ወረቀት ያዙና ዘፋኙ ቃል እያለ ቀኝ እጃችሁ የገባባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ በጭረት መዝግቡ። በሌላ ዓምድ ደግሞ ትንፋሽ ኖሮ ያልመለሳችሁባቸውን። ያንኑ ዘፈን ቤታችሁ ውስጥ፣ ቅጂውን እያጫወታችሁ፣ የመጀመሪያው ዓምድ ባዶ እስኪሆን አጅቡት። ካልቻላችሁ ቀኝ እጃችሁን ኪስ ውስጥ ከታችሁ በግራ ብቻ ጀምሩ፤ ከዚያ ቀኙን በትንፋሾቹ ላይ ብቻ አውጡት።